አሳርፍ ሳይባል

የአባቴን ኮት እጅጌ ይዤ ወደ ታች ሳብኩት። «አባዬ ተቀመጥ፤ ሰው እያየን ነው» አልኩት። ተቀመጠ።

የሆነው ይኸው ነው። አምስት ሴኮንድ አይሞላም። ከሐዋሳ ከተመለስን ወራት አልፈዋል፤ ያቺ ቅጽበት ግን አልለቀቀችኝም። ሽንኩርት ስከትፍ ትመጣለች። ባጃጅ ውስጥ ቁጭ ብዬ ትመጣለች። ሌሊት ስነቃ የኮቱ ጨርቅ አሁንም ጣቶቼ መሃል ያለ ይመስለኛል። ለማንም አላወራኋትም። ዛሬ ልጻፋት።

የሄድነው ለታላቅ ወንድሜ ሽኝት ነው። ጋሽዬ እለዋለሁ። መከላከያ ውስጥ 26 ዓመት አገልግሎ በሻምበልነት ማዕረግ ጡረታ ወጣ። አብረውት ለሚወጡት ሁሉ ሐዋሳ በሚገኝ ካምፕ የክብር ሽኝት ተዘጋጀ፤ ቤተሰቦቻችሁን ይዛችሁ ኑ ተባሉ። ከአዳማ አራት ሆነን ተነሳን። አባዬ፣ እማዬ፣ የጋሽዬ ባለቤትና እኔ።

ጭን ላይ የሄደው ድፎ ዳቦ

እማዬ ሌሊቱን ድፎ ዳቦ ስትጋግር አደረች። ከኋላ እናስቀምጠው ብንላት አሻፈረኝ አለች። በነጠላዋ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አደረገችው። ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አርሲ ነገሌ፣ ሻሸመኔ እያልን ሐዋሳ እስክንገባ ዳቦው ከጭኗ አልወረደም። መኪናውን የጥቁር አዝሙድና የኮባ ሽታ ሞላው።

አባዬ ጋቢና ነበር። ያቺን ቡናማ ኮቱን ለብሷል። ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የምትወጣ ኮት ናት። ጫማውን ከዋዜማው ጀምሮ ሦስት ጊዜ ቀብቶታል። መንገዱን ሙሉ ዝም አለ። ላንጋኖ አካባቢ ስንደርስ ብቻ ወደ ኋላ ዞሮ ምራቱን ጠየቃት።

«ንብረት አስረክቦ ጨርሷል?»

«አዎ አባባ፣ ክሊራንሱን ጨርሷል።»

«የተረከበው ሰው ፈርሞለታል?»

«ፈርሞለታል።»

ራሱን ነቀነቀና ወደ መንገዱ ተመለሰ። የሽማግሌ ጭንቀት መሰለኝ። ልጁ ጡረታ በሚወጣበት ቀን የሚያሳስበው የአንድ ሰው ፊርማ መሆኑ ትንሽ ገረመኝ። ከዚያ ረሳሁት።

ሁለት ወታደር፣ ሁለት ቃል

ቤታችን ሁለት ወታደር አለው። ከሠራዊቱ የወጡበትን ቀን የምንጠራበት ቃል ግን ለየቅል ነው። ጋሽዬ «ተሰናበተ» ነው የሚባለው። አባዬ «ተበተነ»።

በ1969 ዓ.ም. የሶማሊያ ጦር ኦጋዴን ሲገባ አባዬ የ18 ዓመት ልጅ ነበር። ከአርሲ ገጠር ተነስቶ ታጠቅ ጦር ሰፈር ገባ። በጥቂት ወራት ሥልጠና ከእርሻ ወደ ጦር ሜዳ። በ1970 ካራማራ ነፃ ስትወጣ እዚያው አካባቢ ነበር። ከዚያ ወደ ሰሜን ሄደ። ናቅፋ ግንባር ላይ ግራ ጉልበቱን ተመታ። እግሩ ዳነ፤ እንደ ድሮው ግን ተዘርግቶ አልቆመም። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። ግንቦት 1983 አሰብ ነበር። ሁሉም ነገር ሲያበቃ ከጓዶቹ ጋር በዚያ በረሃ በእግሩ ወደ ጅቡቲ ተሻገረ።

ያን ጊዜ የተበተነው ሠራዊት ከ400 ሺህ በላይ ነው። ብዙዎቻችሁ ታስታውሳላችሁ። የደንብ ልብሳቸውን እንደለበሱ በየመንገዱ ዳር የተቀመጡትን፣ በየቤቱ በር እየቆሙ ውኃ የሚለምኑትን። የደርግ ሥርዓት በሕዝቡ ላይ ያደረሰውን የማያውቅ የለም፤ እኔም አልክድም። ከላይ ሆነው ያዘዙት ሌላ ነገር ናቸው። እኔ የማወራው ግን ስለ አንድ ሃምሳ አለቃ ነው። 14 ዓመት የተባለበት ቦታ ሁሉ ስለሄደ አንድ ሰው።

ስድስት ዓመቴ ነበር። አዳማ ያኔ ናዝሬት ትባላለች። ቤታችን ከባቡር ጣቢያው ብዙም አይርቅም። አንድ ከሰዓት በኋላ ሸበጥ ያደረገ፣ ቁምጣ የለበሰ፣ ከንፈሩ የተሰነጣጠቀ ሰው በራችን ላይ ቆመ። እማዬ ለማኝ መስሏት እንጀራ ልታመጣለት ወደ ጓዳ ገባች። እንጀራውን ይዛ ስትወጣ ነው ያወቀችው። ከዚያ በኋላ የሆነውን አላስታውስም። እንጀራው መሬት ላይ መውደቁን ብቻ አስታውሳለሁ።

በኋላ እንደ ጓደኞቹ ተመዘገበ። የተወሰነ ስንዴም ተሰጠው። ስሙና ቁጥሩ ያለባት አንዲት ወረቀት ነበረችው። ካደግኩ በኋላ ከሳጥን ውስጥ አግኝቼ አንብቤያታለሁ። «እናመሰግናለን» የሚል ቃል አልነበረባትም። «በቅተሃል» የሚልም የለባትም። ከዚያ እስኪደክመው ድረስ በአንድ ዱቄት ፋብሪካ የሌሊት ጥበቃ ሆኖ ሠራ።

ስለ ቃሉ ሳስብ እቆያለሁ። ሰው ሲሰናበት ፊቱ የሚቆም ሌላ ሰው አለ። ስሙን የሚጠራው፣ እጁን የሚጨብጠው። ሲበተን ግን ፊቱ የሚቆም የለም። አመድ ነው የሚበተነው። ገለባ ነው። ሰልፍ እንኳ የሚበተነው ሲታዘዝ ነው።

በ1990 ባድመ ስትያዝ የቀድሞ ሠራዊት አባላት ተፈለጉ። አባዬ ጠዋት በሌሊት ተነስቶ ሊመዘገብ ሄደ። ከሰዓት በፊት ተመለሰ። እግሩን አይተው መልሰውታል። ምሳ ሳይበላ ተኛ። በዓመቱ ጋሽዬ በ18 ዓመቱ ተመዘገበ። እማዬ አለቀሰች፣ ጎረቤት ተሰበሰበ፣ ሽማግሌ መረቀ። አባዬ አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረው። «ካልሲህ እርጥብ ሆኖ አትተኛ።»

ጋሽዬ በ1992 ዛላምበሳ ነበር። በ2003 የተባበሩት መንግሥታት ጦር ሱዳንና ደቡብ ሱዳን በሚወዛገቡባት አብዬ ሲሰማራ ሰማያዊ ቆብ አድርጎ ሄደ፤ ያኔ የላከው ፎቶ አሁንም ሳሎናችን ግድግዳ ላይ አለ። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ያለውን አያወራም። እኔም አልጠይቀውም።

ተጠንቀቅ

ካምፑ ስንደርስ ድንኳን ተጥሏል፣ ወንበር ተደርድሯል። ማርሽ ባንዱ ይለማመዳል። ከሐይቁ በኩል ነፋስ ይመጣል። ወጣት ወታደሮች እንግዳ ያስተናግዳሉ፤ አንደኛው አባዬን ደግፎ ሁለተኛው ረድፍ ላይ አስቀመጠው። «አባባ፣ እዚህ ጥላ አለው» አለው። በጣም ደግ ልጅ ነበር።

የሕዝብ መዝሙር ተዘመረ፤ ቆምን። ለተሰዉት የህሊና ጸሎት ተደረገ፤ ቆመን ዝም አልን። ከዚያ ተቀመጥን። ንግግር ተደረገ። ስለ ንግግሩ ብዙ የምለው የለኝም። እንደ ማንኛውም ንግግር ነበር፤ ጥሩ ነበር፤ ረዘም ብሏል።

ከዚያ ተሰናባቾቹ በሰልፍ ገቡ። ጋሽዬ ከፊት ረድፍ ሦስተኛ ነው። እማዬ «የታለ? የታለ?» ትላለች፤ ፊቷ ቆሞ እያለ እንባዋ ጋርዷታል። እኔ ስልኬን አውጥቼ ቪዲዮ እቀርጻለሁ።

የሰልፉ አዛዥ ጮኸ።

«ተጠንቀቅ!»

የጫማው ድምፅ አንድ ላይ መጣ። ወዲያው ደግሞ አጠገቤ እንጨት መሬት ላይ ወደቀ። የአባዬ ከዘራ ነው። ዞር ስል አባዬ ቆሟል።

ለመዝሙሩ እንደቆመው አይደለም። ያኔ በከዘራው ተደግፎ፣ ትከሻዬን ይዞ ነበር የተነሳው። አሁን ማንም አልያዘውም። ክንዶቹ ከጎኖቹ ጋር ተጣብቀዋል። ጣቶቹ ተጨብጠው አውራ ጣቱ የሱሪውን ስፌት ነክቷል። አገጩ ቀና ብሏል። ያ በ30 ምናምን ዓመት ተዘርግቶ አይቼው የማላውቀው ግራ እግሩ ተዘርግቷል። ጉልበቱ ሲንቀጠቀጥ ይታየኛል። ዓይኑ ጋሽዬ ላይ አልነበረም። የትም አልነበረም። ፊት ለፊት፣ ሩቅ።

ይኸኔ ነው ከኋላ አንዲት ሴትዮ «አባባ፣ ጋርደውናል» ያሉት። በክፋት አይደለም። የሳቸውም ልጅ ሰልፉ ውስጥ ነው። ሁለት ሦስት ሰው ዞሮ አየን። ያ ወጣት ወታደር ወደ እኛ መራመድ ጀመረ። ፊቴ ጋለ። እጄ ሄዶ እጅጌውን ያዘ።

«አባዬ ተቀመጥ፤ ሰው እያየን ነው።»

መጀመሪያ አልሰማኝም። ደግሜ ሳብኩት። ያኔ አየኝ። ከእንቅልፍ እንደነቃ ሰው ነበር የሚያየው። ከዚያ ጉልበቱ ታጠፈና ተቀመጠ። ከዘራውን አንስቼ ሰጠሁት።

ቁጭ እንዳለ ከሜዳው «አሳርፍ!» ተባለ።

እጄ የት ለመደ?

ለምን ሳብኩት? ለራሴ ብዙ መልስ ሰጥቻለሁ። እንዳይወድቅ ብዬ ነው። ሴትዮዋ እንዳይከለሉ ነው። ሥነ ሥርዓቱ እንዳይረበሽ ነው። ሁሉም እውነት ይመስላል። ግን አፌ ያለው ሌላ ነው። «ሰው እያየን ነው» ነው ያልኩት። «እንዳትወድቅ» አላልኩም።

ሦስተኛ ክፍል እያለሁ አንድ ልጅ ከብዙ ልጆች ፊት «የተበተነ ወታደር ልጅ» ብሎ ሰደበኝ። ዛሬ ሲጻፍ ስድብ አይመስልም። ያኔ ግን ስድብ ነበር። ሁሉም ሳቁ። አባዬ ከሌሊት ጥበቃ ሲወጣ በትምህርት ቤታችን በኩል ያልፍ ነበር። ያችን አሮጌ የወታደር ካፖርቱን እንደለበሰ በር ላይ ቆሞ ስገባ ያየኛል። አንድ ቀን «አባዬ፣ እዛ ማዶ ዛፉ ጋ ቁም» አልኩት። ለምን ብሎ አልጠየቀም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ትምህርት ቤቱን እስክለቅ ድረስ እዛፉ ጋ ቆመ። ስገባ እጁን ያነሳልኛል። እኔ አንዳንዴ አይቼ እንዳላየ አልፋለሁ።

የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይላሉ። እኔ ግን የወጋሁት ነኝ፤ አልረሳሁም። ሐዋሳ ላይ የኮቱን እጅጌ የያዘችው እጅ ዛፉ ጋ ቁም ያለችው ልጅ እጅ ናት። ሌላ ማብራሪያ ፈልጌ አጣሁ።

አንድ ነገር ደግሞ ይከነክነኛል። አባዬ በዚያ ትእዛዝ የቆመው አስቦበት አይደለም። እኔ ለልጅነት ስሜ ዞር እንደምለው ነው የዞረው። ይኸን ሁሉ ዓመት ውስጡ የሚጠብቅ ነገር ነበረ ማለት ነው። ትእዛዙ መጣ። «አሳርፍ» እስኪባል ቢቆም ኖሮ ምን ይሆን ነበር? አላውቅም። ሴትዮዋ ትንሽ ይታገሱ ነበር። ያ ወጣት ወታደርም ምናልባት መጥቶ አጠገቡ ይቆም ነበር። ፊቱን ደጋግሜ ሳስታውሰው ሊያስቀምጠው የመጣ አይመስለኝም።

አሞራ ገደል

ጋሽዬ የምስክር ወረቀቱን ተቀበለ፣ እጅ ተጨበጠ፣ ፎቶ ተነሳን። እማዬ ድፎውን አስቆርሳ ለዚያ ወጣት ወታደርም በእጇ አጎረሰችው። ከሰዓት በኋላ ጋሽዬ ልብሱን ቀይሮ መጣ። በሲቪል ልብስ ትከሻው ጠቦ ታየኝ። ዓሣ እንብላ አለንና አሞራ ገደል ወረድን።

ሐይቁ ዳር ተቀመጥን። ጀልባዎቹ ተመልሰዋል፤ ልጆች ዓሣ ይበልታሉ። አባ ኮዳዎቹ ራቅ ብለው ቆመው የሚጣልላቸውን ይጠብቃሉ። ጥብሱ እስኪመጣ አባዬ «እስቲ ወረቀቱን» አለ። ጋሽዬ አውጥቶ ሰጠው። አባዬ መነጽሩን አደረገ። ከላይ እስከ ታች አነበበ። ከዚያ እንደገና ከላይ ጀመረ። ሦስተኛ ጊዜ ፊርማው ላይ ሲደርስ ቆመና በጣቱ ዳሰሰው።

«እኔ ክላሼን ያስረከብኩት ለሰው አገር ወታደር ነው» አለ።

ማንም አልተናገረም። በዕድሜዬ ስለዚያ ጉዞ ሲያወራ ሰምቼ አላውቅም። ሆድ ይፍጀው ብሎ የተወው ነገር ነው።

«ጅቡቲ ድንበር ላይ። ሁላችንም እየጣልን እናልፋለን። እኔ ዝም ብዬ አልጣልኩም። ልጁ ፊት ቆሜ ቁጥሩን ነገርኩት። ጻፈው አልኩት። በስሜ የወጣ የመንግሥት ንብረት ነው። ነገ ብጠየቅስ? ቋንቋዬን አያውቅም። ነጥቆኝ ክምሩ ላይ ወረወረው።»

ጋሽዬ ጎንበስ አለ። «ቁጥሩን ታስታውሰዋለህ አባዬ?»

አባዬ ሳያመነታ ነገረው። ጋሽዬ ቁጥሩን አንድ በአንድ ደገመው። «ልክ ነው» አለ አባዬ። ወረቀቱን አጥፎ መለሰለት። ሰፊ ትንፋሽ ተነፈሰ።

እማዬ ዓሣውን እሾህ እየለቀመች ለአባዬ ታቀርባለች። «አንዱን በባቡር፣ አንዱን በክብር መለሰልኝ። ተመስገን» አለች። ለሷ ሁለቱም አንድ ነበሩ። ሁለቱንም ጠብቃ ነው ያገኘቻቸው።

ወደ መኪናው ስንመለስ አባዬን ደግፌ ወደ ኋላ ቀረሁ። «አባዬ፣ ጠዋት ኮትህን የሳብኩህ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እግሬን አሞኝ ነበር። ደግ አደረግሽ» አለኝ።

እውነት አልነበረም። አባዬ እኔን ለማዳን ሲል ድምፁ ይለሰልሳል። ሳህን ሰብሬ «ድሮም ተሰንጥቃ ነበር» ያለኝ በዚሁ ድምፅ ነው። ይቅርታ ልጠይቀው ነበር፤ ሳልጠይቀው ይቅር አለኝ። ይኼ ደግሞ ይብሳል።

ጣቢያው

ጋሽዬ አሁን አዳማ ነው። ሙቀቱ ሳይመጣ በጠዋት ከአባዬ ጋር ይራመዳሉ። ጋሽዬ እርምጃውን ከአባዬ እግር ጋር አስተካክሏል። ባለፈው እሁድ አብሬያቸው ወጣሁ።

አባዬ ያላሰብነውን መንገድ ያዘ። ወደ ድሮው ባቡር ጣቢያ ወሰደን። ከ2009 ወዲህ አዲሱ ባቡር በከተማው ውጭ በኩል ነው የሚያልፈው፤ የድሮው ሐዲድ ዝም ካለ ቆይቷል። ይቺን ከተማ ያሳደገው ግን ይሄኛው ነው። አባዬ ጥቂት ከተራመደ በኋላ አንድ ቦታ ላይ ቆመ።

«እዚህ ጋ ነው የወረድኩት» አለ።

ከዘራውን ለጋሽዬ ሰጠው። የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ። ከዚያ ቀና አለ። ክንዶቹ ከጎኖቹ ጋር ተጣበቁ። ጋሽዬ ምንም ሳይናገር አጠገቡ ቆመ፤ እሱም እንደዚያው።

ከኋላችን ባጃጅ ክላክስ አደረገ። ጉሊት ዘርግታ የተቀመጠች ሴት ሥራዋን ትታ ታየናለች። ሁለት ልጆች ቆመው እርስ በርስ ተጠቃቀሱ። የአባዬ ጉልበት መንቀጥቀጥ ጀመረ።

እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ጠበቅኩ።